ሌንስና ውሃ አይገናኙ

ከመገናኛም፣ ከሾላም፣ ከኮተቤም ሳሎናችሁን ዘግታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። የጥር ሠርግ ሳይደርስ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት ስለ ኮንታክት ሌንስ ነው፤ በተለይ ሙሽራና ሚዜ ስለሚወዱት ባለቀለም ሌንስ።

የዐይናችን ብሌን የደም ሥር የለውም። ኦክስጅን የሚያገኘው በቀጥታ ከአየር ነው፤ ሌንስ ስናደርግ ይህን እንቀንስበታለን። ሌንስ አድርገው ሲተኙ ደግሞ የዐይን ቆብ ይጨመርበታል። ሌንስ ሳያወጡ መተኛት ለብሌን ኢንፌክሽን የመጋለጥ ዕድልን ከ6 እስከ 8 እጥፍ ያሳድጋል። ሙሽራ ደክሟት እንደምትተኛ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ሌንሱን እንድታስወጣት ከቤት ሳትወጣ ለሚዜዋ ንገሩ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ውሃ ነው። አሜባ ሲባል ሁላችንም የምናውቀው የሆዱን ነው። ዐይን የሚያጠቃ ሌላ ዓይነት አለ፤ አካንታሜባ ይባላል። በቧንቧ፣ በጉድጓድና በወንዝ ውሃ፣ በአፈርም ውስጥ ይኖራል። ሲጨንቀው ጠንካራ ሽፋን ስለሚያበጅ ክሎሪን በቀላሉ አይገድለውም። ሌንስ ላይ ተጣብቆ ብሌን ውስጥ ከገባ ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል፤ ሕክምናውም ወራት ይፈጃል። እኛ ሰፈር ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በሮቶና በበርሜል እናጠራቅማለን፤ ውሃው ቆሞ ሲሰነብት የዕቃው ግድግዳ ዝልግልግ ይሆናል፣ እንዲህ ያለው ተሕዋስም እዚያ ይመቸዋል። ስለዚህ ሌንስ በውሃ አይታጠብም። የታሸገ ውሃም ቢሆን ለመጠጥ እንጂ ለሌንስ አልተዘጋጀም። ምራቅማ ጭራሽ አይነሳ!

ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል የምትወጡ አላችሁ። ጸበላችሁን ተጠመቁ፤ እኔ የምለው ሌንሱን ቤት አስቀምጡት፣ ለዚያ ቀን መነጽር ይበቃል ነው። ጥምቀት ላይ ጸበል ሲረጭም እንዲሁ። ገላ ስትታጠቡም አውጡት።

ሌንስ የሚታጠበው ለእሱ በተሠራው ሶሉሽን ብቻ ነው። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ሌንሱን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ በሶሉሽን እሹት። የትናንቱን ሶሉሽን ድፉት፤ በላዩ መጨመር ኃይሉን ያዳክመዋል። የሌንሱ ማስቀመጫ በየ3 ወሩ ይቀየር። ሚጥሚጣ የነካ እጅ ምን እንደሚያደርግ አልነግራችሁም።

በሥራችሁ ላይ ሌንስ ከሜካፕ በፊት ይደረጋል፣ ሜካፕ ከመጽዳቱ በፊት ይወጣል። አንድን ሌንስ ለሁለት ሙሽራ ማዋል ግን ፈጽሞ አይቻልም፤ ታጥቦም ቢሆን። «ታጥቧል እኮ» የምትል ደንበኛ ብትመጣም እምቢ በሏት። ደግሞም የሰው ብሌን ጉብጠቱ ይለያያል፤ ለማየት ሳይሆን ለውበት ብቻ የሚደረገውም ሌንስ በዐይን ባለሙያ መለካት አለበት።

ዐይን ከቀላ፣ ካመመ፣ ብርሃን ከፈራ ወይም እይታ ከደበዘዘ ሌንሱን ወዲያው አውጡ። ከፋርማሲ በግምት ጠብታ አትግዙ፤ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ መቅላቱን ደብቆ ኢንፌክሽኑን ሊያባብሰው ይችላል። አንዳንዱ ባክቴሪያ ብሌንን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊያበላሸው ስለሚችል ነገ ከነገ ወዲያ አትበሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል እዚሁ የካ ነው፤ የዐይን ሕክምናው ከጥንት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዐይን ባንክም እዚያው ነው። ሰዎች ሲያልፉ የለገሱት ብሌን ጠባሳ ለጋረደው ዐይን ይተከላል። ያ ስጦታ ከበሽታም ከአደጋም መሸሽ ላልቻለው ወገናችን እንዲተርፍ እፈልጋለሁ፤ በአንድ ቀን ሠርግ ምክንያት ልንሻማው አይገባም። ወደ ሐኪም ስትሄዱ ሌንሱንና ማስቀመጫውን አትጣሉ፤ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ ናሙና ሊወስድበት ይችላል።

አሁን ማስቀመጫችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ፤ ሳሙናው ከበሩ አጠገብ ነው፣ መጀመሪያ እጅ እንታጠብ።