ብርሃን የሚያነቃቸውን የካንሰር መድኃኒቶች በደምና በኅብረ ሕዋስ ውስጥ ስለ መለካት



እ.ኤ.አ. በ1912 ጀርመናዊው ሐኪም ፍሪድሪኽ ማየር-ቤትስ 200 ሚሊ ግራም ሄማቶፖርፊሪን ወደ ገዛ ደም ሥሩ አስገባ። ፀሐይ ያገኘው ፊቱና እጁ ክፉኛ አበጠ፤ ቆዳው ለብርሃን መቆጣቱም ከሁለት ወራት በላይ ዘለቀ። መድኃኒቱ በደሙና በቆዳው ውስጥ ምን ያህል እንደ ቀረ የሚነግረው ልኬት አልነበረውም።

ይህ ጥያቄ ዛሬም አብሮን አለ። ፎቶዳይናሚክ ሕክምና የመድኃኒት፣ የብርሃንና የኦክስጅን መገናኘትን ይሻል። መድኃኒቱ ብርሃን ሲያገኝ ኃይሉን ለኦክስጅን ያስተላልፋል፤ የነቃው ኦክስጅን ደግሞ ሕዋሱን ይገድላል። ስለዚህ ብርሃኑ የሚበራበት ሰዓት ወሳኝ ነው። ለምግብ ቧንቧ ካንሰር የሚውለው ፖርፊመር ሶዲየም በኪሎ ግራም ክብደት 2 ሚሊ ግራም ከተሰጠ ከ40 እስከ 50 ሰዓት በኋላ የ630 ናኖሜትር ብርሃን ይበራበታል። ለራስና አንገት ካንሰር የሚውለው ቴሞፖርፊን ግን 96 ሰዓት ይጠብቃል፤ ብርሃኑም 652 ናኖሜትር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የደሙና የዕጢው መጠን በእኩል ፍጥነት አይለዋወጥም፤ ደምን ብቻ የለካ ስለ ዕጢው አያውቅም።

ለመለካት የሚረዳን የመድኃኒቶቹ ጠባይ ራሱ ነው፤ በ400 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ውጠው ቀይ ብርሃን ይመልሳሉ። ነገር ግን የደም ሄሞግሎቢንም በዚያው አካባቢ ብርሃን ይውጣል። በዚህ ምክንያት ፕሮቲኑን በሜታኖል አዝቅጠን፣ በሴንትሪፊውጅ ለይተን፣ የቀረውን በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ እናልፈዋለን። ኅብረ ሕዋስ ተመዝኖ፣ ተፈጭቶና በአሟሚ ተጨምቆ ይቀርባል። ማነጻጸሪያው መስመርም መድኃኒት ባልወሰደ ሰው ፕላዝማ ወይም ኅብረ ሕዋስ ይሠራ እንጂ በውኃ አይሠራ፤ ብዙዎቹ ሞለኪውሎች በውኃ ውስጥ ተቆላልፈው ብርሃናቸውን ያጣሉና።

አሁን ስለ ራሴ ስሕተት ልናገር። በምርምር ጅማሬዬ አንድ ቀን የለካኋቸው ናሙናዎች መጠናቸው በፍጥነት ወረደ። መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ይወጣል ብዬ ደስ እያለኝ ጻፍሁ። ማስታወሻዬን መልሼ ሳነብ ግን ዝቅተኛ ቁጥር የሰጡት ተራቸውን በመስኮት አጠገብ ረጅም ሰዓት የጠበቁት ቱቦዎች ሆነው አገኘኋቸው። መድኃኒቱን ያጠፋው የሕመምተኛው ጉበት ሳይሆን የእኔ መስኮት ነበር።

ያ ቁጥር ወደ ሐኪም ቢደርስ ኖሮ፣ መድኃኒቱ ገና በቆዳው ውስጥ ያለ ሰው «ወደ ፀሐይ ውጣ» ይባል ነበር። ፖርፊመር የወሰደ ሰው ቢያንስ ለ30 ቀናት ከፀሐይ መጠበቅ አለበት። በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ይህ ሕክምና አንድ ቀን ለዚያ ገበሬ ቢደርስ፣ 30 ቀን ከማሳው መራቅ የእርሻ ወቅት ማጣት ሊሆን ይችላል። ቀኑን ያለ በቂ ማስረጃ ማሳጠር ያቃጥለዋል፤ ያለ ምክንያት ማስረዘምም ያስርበዋል።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ቱቦውን በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልሉ፤ በደብዛዛ ብርሃን ሥሩ። መጠኑ የታወቀ አንድ ናሙና በጨለማ፣ ሌላውን በሥራ ጠረጴዛችሁ ላይ አኑራችሁ በቀኑ መጨረሻ ሁለቱን አነጻጽሩ። ልዩነት ካያችሁ የዕለቱን ውጤት ለማንም አትስጡ።