ክብደት ያለው ብርድ ልብስ ስለ መስፋት
(ባለፈው እሑድ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የዛሬው ነገራችን በታችኛው መንገድ በኩል የሚኖረውን፣ ኦቲዝም ያለበትን የ11 ዓመት ልጃችንን ይመለከታል። እናቱ ፈቅደው ነው የምንናገረው። ሌሊት እየተነሣ እንደሚጮህና ግድግዳ እንደሚደበድብ ሁላችንም ሰምተናል። ከመካከላችን ለአከራዩ አቤት ያሉ አሉ፤ አከራዩም እናትየዋን ሌላ ቤት ይፈልጉ ብለዋቸዋል። ሦስት ሽማግሌዎች ልከን እየተነጋገርን ነው፤ እሱ ለብቻው ነው። እኛ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ስጦታ የሚሆን፣ ክብደት ያለው ብርድ ልብስ ልንሰፋለት አስበናል።

«ብርድ ልብስ ምን ሊፈይድ?» ያላችሁ አላችሁ። ጋቢ ደርቦ የተኛ ሰው ያውቀዋል፤ ክብደቱ ሲያርፍበት ሰውነት ይረጋል። መድኃኒት ነው ግን አንልም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 የታተመ፣ በእንግሊዝ አገር ኦቲዝም ባለባቸው 67 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። የእንቅልፋቸው ሰዓት ሲለካ አልረዘመም፤ ልጆቹና ወላጆቻቸው ግን ከተራው ይልቅ ከባዱን ወደዱት። እንግዲህ ሰፈሩ ጸጥ ይልልኛል ብሎ የሚያዋጣ ካለ ከአሁኑ ገንዘቡን ይያዝ። ስጦታው ለልጁ ነው እንጂ ለኛ እንቅልፍ አይደለም።

ልኩ የሚወጣው ከልጁ ነው። በተለምዶ ከሰውነት ክብደት ከአሥር አንዱ እጅ ይወሰዳል። ልጁ 30 ኪሎ ስለሆነ ብርድ ልብሱ ከነጨርቁ ከ3 ኪሎ አይበልጥም። «ከበድ ሲል ይሻላል» የሚል እጁን ይሰብስብ። ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ሆኖ በ10 በ10 ሳንቲም ሲከፋፈል 120 ኪስ ይወጣዋል። ጨርቁ 600 ግራም ቢመዝን 2400 ግራም ይቀራል፤ ለያንዳንዱ ኪስ 20 ግራም ይደርሰዋል ማለት ነው። አንድ ጊዜ በሚዛን መዝኖ ስኒ ላይ ምልክት ማድረግ ነው።

በምን ይሞላ በሚለው ብዙ ተከራክረናል። ስንዴና ምስር ይነቅዛል፣ ለማጠብም አይመችም፤ ደግሞስ እህል በዚህ ኑሮ! አሸዋ በስፌቱ ይሾልካል። ጥቃቅን የብርጭቆ ጨሌ ይሻላል፤ ካልበቃ ድቡልቡል ጠጠር ተነፍቶ፣ ታጥቦና ደርቆ ይጨመርበታል።

ስፌቱ እንዲህ ነው። ሁለት አቡጀዲ ገጽ ለገጽ ተደርቦ ሦስቱ ጎን ይሰፋና ይገለበጣል። ከታች ወደ ላይ ቀጥ ባለ ስፌት 10 ቦይ ይወጣለታል። በየቦዩ አንድ ልክ ተጨምሮ ወደ ታች ይራገፍና አግድም ይሰፋል፤ ከዚያ ሁለተኛው ረድፍ፣ እንዲያ እያለ እስከ 12ኛው። መርፌ ጨሌ ላይ ካረፈ ተሰብሮ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ከመስፋት በፊት ጨሌውን ወደ ታች ገፍቶ በስፒል መያዝ ነው። እየከበደ ሲሄድም ሌላ ሰው ጠረጴዛው ላይ ይደግፍ፤ ከተንጠለጠለ መርፌውን ይጎትታል። ስፌቱ ጠቅጠቅ ይበል፣ ጨሌ ሾልኮ አፍ እንዳይገባ። በላዩ የሚወልቅ ሽፋን እንሠራለታለን።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፦ ልጁ በራሱ እጅ ገፍቶ መጣል መቻል አለበት። መጀመሪያ ቀን ቀን፣ እናቱ ባሉበት ይሞክረው፤ ራሱን አይሸፍኑበት። አልፈልግም ካለ አልፈለገም ነው፣ ማንም አይጫነውም። እናቱም ሐኪሙን አስቀድመው ይጠይቃሉ። ይህን አይታችሁ ለሕፃን ልጅ እንዳትሰፉ፤ ለጨቅላ አደገኛ ነው። የመተንፈስ ችግር ወይም የሚጥል በሽታ ላለበትም ያለ ሐኪም አይሆንም።

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ በማኅበሩ አዳራሽ እንሰፋለን። ሁለት የስፌት መኪና አግኝተናል፤ ሦስተኛ ያላችሁ አምጡ። ጨሌ፣ አቡጀዲና ጠንካራ ክር እስከ ዓርብ ማታ እንቀበላለን። ቡናው ከኛ ነው።