ከጂንካ ወደ ኦሞ ቦዮች፦ በብስክሌትና በእግር

አቅራቢ 1፦ ከጂንካ ወይና ደጋ ወደ ሳላማጎ ቆላ በብስክሌት የሚወርድ ተጓዥ፣ በ2003 ዓ.ም. ለተጀመረው የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት ከኦሞ ወንዝ ውኃ የሚያደርሱትን ቦዮች፣ ማለትም ለመስኖ የተቆፈሩትን የውኃ መውረጃዎች፣ ያገኛል።

አቅራቢ 2፦ እውነት ነው፤ ወንዙ ዳር ያለውን ለማየት ግን በእግር መሄድ ያስፈልጋል።

አቅራቢ 1፦ ምኑን ለማየት?

አቅራቢ 2፦ የሸሽ እርሻን፤ ይህም የሙርሲና የቦዲ ሕዝቦች የወንዙ ጎርፍ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ የሚዘሩበት ሥርዓት ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ ዓመታዊውን ሙላት በመግታቱ ክፉኛ ተጎድቷል።

አቅራቢ 1፦ ቦዩ ግን የመስኖ መሬት ሰጥቷል።

አቅራቢ 2፦ ሰጥቷል፤ ነገር ግን ወንዙ በየዓመቱ ያደርሰው ከነበረው ለም ደለል ብዙውን ግድቡ ስለሚያስቀረው፣ የቦይ ውኃ ብቻውን አይተካውም።