ስለ ሠዓሊው መርቆሬዎስ
በደብራችን በዓል ቀን የተደረገ ንግግር



ዛሬ ላወራላችሁ ያሰብሁት ስለ አንድ እንግዳ ሰው ነው። ይህ ሰው ከቬኒስ ከተማ የመጣ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል ሠዓሊ ሲሆን፥ በሀገራችን የተጠራው መርቆሬዎስ ተብሎ ነው። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1520 ዓ.ም. የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን አግኝቶታል፤ ከ40 ዓመት በላይ በሀገራችን የኖረ፥ ቋንቋችንን የሚያውቅ፥ ምንም ሠዓሊ ቢሆን የተከበረ ሰው ነው ብሎ ጽፎለታል። «ምንም ሠዓሊ ቢሆን» ማለቱ ያስገርማል፤ ነገር ግን እኛም የእጅ ሥራን ከመናቅ አልዳንንምና አንፍረድበት።

ሥራው ከዚህ ከጎጃም ምድር አልራቀም፤ በዋፋ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥሏል። የሀገራችን ሠዓሊዎችም የእርሱን ሥዕል እያዩ ተምረውበታል።

ከሥራው ሁሉ ይልቅ ክርክር ያስነሣው ግን አንድ የእመቤታችን ሥዕል ነው። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ መንገደኛ እንደ ጻፈው፥ በአትሮንሰ ማርያም ሕፃኑን በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ አድርጎ ሣለው። በሀገሩ ልማድ ነበረ፤ በእኛ ዘንድ ግን ቀኝ የጻድቃን፥ ግራ የኃጥኣን ነውና ሕዝቡ ተቈጣ፥ ሥዕሉም ይጥፋ አለ። ንጉሡ ግን ከለከለ።

አሁን ወደ መቅደሳችን ግድግዳ ዐይናችሁን መልሱ። ምስለ ፍቁር ወልዳ የምንለው ሥዕል ሕፃኑን የያዘው በየትኛው ክንድ ነው? በግራው ነው። ይህ አሣሣል በ17ኛው ምዕት ዓመት ከሮም በመጣው የእመቤታችን ሥዕል አምሳያ በሀገራችን ተስፋፍቶ፥ ይጥፋ የተባለው ነገር ዛሬ የምንሳለመው ሆነ።

ስለ ራሴም ልናዘዝ። በልጅነቴ በደብራችን ዕቃ ቤት ያለውን አሮጌ የሰሌዳ ሥዕል ላሳምር ብዬ የኑግ ዘይት ቀባሁት፤ ጥቂት ቀን አበራ፥ ከዚያ በኋላ ጠቆረ። የቅዱሱ ፊት እስከ ዛሬ አይታይም። ሠዓሊው ማን እንደ ሆነ የሚነግረን ጽሕፈት ቢኖርበት እንኳ ከዚያ ጥቁረት በታች ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርሁም ነበር።

አባታችን አለቃ፥ የዕቃ ቤቱ ጣራ በስተ ምሥራቅ በኩል ያፈሳል፤ ሥዕሉ የተደገፈውም በዚያው ማዕዘን ነው። ሰኔ ሳይገባ ቢነሣ መልካም ነው፤ ለመሸከሙ እኔ ራሴ እመጣለሁ። የሚያውቅ ሰው እስኪያየው ድረስ ግን ማንም በዘይትም ሆነ በውሃ እንዳይነካው እለምናለሁ።