የቤት ተባዮች፣ በተለይም ምስጥ



በመጥሪያው ላይ የሰፈረው ርእስ «የቤት ተባዮችና መከላከያቸው» ይላል። በረሮ፣ አይጥ፣ ትኋንና ነቀዝ በተራ እንደሚነሡም ቃል ተገብቷል። ነገር ግን የተናጋሪውን የሥራ ዘመን የበላው ምስጥ ስለሆነ፣ ንግግሩ ከምስጥ ቢጀምር አዳራሹ ይቅርታ እንደማይነፍገው ተስፋ አለው።

አንድ የበር መቃን እንውሰድ። ከውጭ ሲታይ ቀለሙ አልተላጠም፣ ጠርዙም አልተሸረፈም። በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ሲሉት ግን ብረቱ ሽው ብሎ ይገባል። ለካ ቆሞ የነበረው ቀለሙ ብቻ ነው። ሲፈለቀቅ ደግሞ ውስጡ ባዶ ሆኖ አይገኝም፤ እንጨቱ በነበረበት ቦታ እርጥብ አፈር ተጠቅጥቋል። ኩይሳ ሠሪዎቹ የምስጥ ዝርያዎች የበሉትን እንጨት በአፈር የመተካት ልማድ አላቸው። ስለዚህ በጣቱ አንኳኩቶ «ደህና ነው፣ ድፍን ነው» የሚል አናጢ ቢመጣ፣ ካቻቢቴውን ራሳችሁ ያዙ።

የሚታየው ምልክት ሌላ ነው፤ ከመሠረቱ ተነሥቶ በግድግዳው ሽቅብ የሚወጣ፣ ውፍረቱ ከእርሳስ ብዙም የማይበልጥ የአፈር መስመር። ሠራተኛው ምስጥ ዕውር ነው፣ ቆዳውም ስስ ነው፤ ደረቅ አየርና ፀሐይ ካገኘው አይቆይም። በመሆኑም ከጎሬው እስከ ምግቡ ድረስ ራሱ በሠራው መሸፈኛ ውስጥ ይመላለሳል። መስመሩን አንድ ቦታ ላይ ሰብሮ መተውና በማግስቱ ማየት ይጠቅማል። ተጠግኖ ከተገኘ ሠራዊቱ ሥራ ላይ ነው። ብዙ ሰው ግን በመጥረጊያ ያወርደውና ግድግዳውን ቀለም ያስቀባል፤ ምስጡ ከልስኑ ጀርባ በሌላ በኩል ይወጣል።

ምስጥን የጉንዳን ወንድም አድርጎ የሚቆጥር ሰው ብዙ ነው። ዝምድናው ከበረሮ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተመራማሪዎች የብዙ ዝርያዎችን የዘር ቅንጣት አመሳክረው ምስጥ በበረሮ ወገን ውስጥ የሚመደብ መሆኑን አሳዩ። በዓለም ላይ 3,000 ያህል የምስጥ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ የሰው ቤት የሚያጠቁት ጥቂቶቹ ናቸው። ከእነዚህም መካከል በአገራችን ቆላማና ወይናደጋ አካባቢዎች ኩይሳ የሚሠሩት አንድ አስገራሚ ሙያ አላቸው፤ ገበሬዎች ናቸው። ያኘኩትን እንጨትና ሣር በጎሬያቸው ውስጥ ይከምሩና ሻጋታ ያለሙበታል። እንጨቱን የሚያላላላቸው ይኸው ሻጋታ ነው። ዝናብ ሲጥል ከኩይሳው ላይ ነጭ እንጉዳይ ሆኖ ብቅ የሚለውም እሱ ነው፤ ከምዕራብ የመጣችሁ ጣዕሙን ታውቁታላችሁ። (ከመድረኩ ፊት የሚስቁት እናት የሚያውቁት ይመስላሉ።) ንግሥቲቱ ደግሞ ከጭቃ በተሠራ ክፍሏ ውስጥ ተዘግታ በቀን በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ላይ ላዩን የሚረጭ ፍሊት እሷ ዘንድ አይደርስም፤ የሚገድለው ለሥራ የወጡትን ብቻ ነው።

ኩይሳውን መግደል ብቻ እንደማይበቃም ወለጋ በሚገባ ተምሮታል። በመንዲና በመነ ሲቡ አካባቢ ምስጥ የሳር ክዳኑንም ማገሩንም ስለሚበላ ቤት በየጥቂት ዓመቱ ይፈርሳል፣ ይሠራል። በደርግ ዘመን ኩይሳ እየቆፈሩ መርዝ የማፍሰስ ሰፊ ዘመቻ ተደርጎ ነበር። ኩይሳው ሞተ፤ ጉዳቱ ግን ቀጠለ። ምክንያቱም እንጨትና ሰብል ከሚያጠፉት ዝርያዎች ብዙዎቹ ኩይሳ አይሠሩም፤ ጎሬያቸው ከመሬት በታች ተሠውሮ ይቀራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ዘመቻ የዋለው አልድሪን የተባለው መርዝም ሆነ ዘመዱ ዲልድሪን እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም ስምምነት ከታገዱት የመጀመሪያዎቹ 12 በካዮች ውስጥ ናቸው፤ በአፈርና በሰው ስብ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣሉ። የመሬቱ መራቆት ነገሩን እንዳባባሰው ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ ደረቅ ሣርና ቅጠል ሲጠፋ ምስጡ ወደ ቤትና ወደ በቆሎው ይዞራል።

በነቀምት አንድ ሰው ደህና ቪላ ሠራ፤ የድንጋይ መሠረት፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ሳሎኑ ፓርኬ። ብዙ ሳይቆይ ዞኮሎው መሰባበር ጀመረ። ባለቤቱ ጥርጣሬውን ሁሉ በአትክልቱ ላይ ጣለና የግቢውን ጽድ አስቆረጠ። ወለሉ ሲፈነቀል የተገኘው ግን ሌላ ነው፤ ግንበኞቹ ለኮንክሪት ማቀፊያ የተጠቀሙበትን የተሰባበረ ጣውላ ከመሠረቱ ሙሌት ጋር ቀብረውት ሄደዋል። ምስጡ መጀመሪያ የተጋበዘው ወደዚያ ነው፤ ፓርኬው ተከታዩ ምግብ ነበር። ጽዱም በከንቱ ሞተ፤ የጽድ እንጨት እኮ ምስጥን ከሚቋቋሙት አንዱ ነው!

ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ሦስት ነገር ያስብ። ከሙሌቱ በፊት ጉድጓዱን በዓይኑ ይይ፤ ቁራጭ እንጨት አይቀበርበት። ወለል ከመፍሰሱ በፊት አፈሩ በባለሙያ ፀረ ምስጥ ይረጭ። የእንጨት ምሰሶ በቀጥታ አፈር አይንካ፤ በሲሚንቶ ወይም በድንጋይ ላይ ይቁም። የባሕር ዛፉን ግንድ ጫፍ አቃጥለው የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ ሰዎች ጥቂት ጊዜ ያተርፋሉ፤ ዘላቂ አይደለም።

ሰብሳቢዋ ሰዓት እያሳዩ ነው። የቀሩት አራቱ ተባዮች ባጭሩ ይነገሩ።

የኩሽናው ትንሹ በረሮ የጀርመን በረሮ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. የ2024 የዘር ጥናት ግን መነሻውን ከ2,100 ዓመታት ገደማ በፊት ከነበረ የደቡብ እስያ በረሮ አድርጎታል። ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘ ቦርሳ ጭራዋ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች። ማታ ማታ ከመርጨት ይልቅ በስንጥቅ ውስጥ የሚቀባ የማጥመጃ ጄልና የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ማሠራት ይሻላል። የበረሮው ብናኝ አስም ያለበትን ልጅ ያውካል።

አይጥ የፊት ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋልና ስታኝክ ትኖራለች፤ ኮርኒስ ውስጥ ያለ የመብራት ገመድም አይቀራትም፤ እሳት የሚነሣበት ጊዜ አለ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ይበቃታል፤ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦና በሲሚንቶ ይደፈን።

ትኋን በሽታ ማስተላለፉ አልተረጋገጠም፤ እንቅልፍ ግን ይነሣል፤ ሳይመገብም ወራት ይቆያል። አንሶላውን በፈላ ውኃ ማጠብ፣ የአልጋውን መገጣጠሚያ ፈትቶ ማየት ነው።

ስለ ነቀዝ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። እህል ውስጥ የሚጨመረው ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ ወይም ከመኝታ ክፍል ጎን ባለ ዕቃ ቤት ውስጥ ክኒን የገባበት በርሜልና ጆንያ ማኖር የቤተሰብ ሁሉ ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። በምትኩ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን በውስጡ ያለበት ሦስት ድርብ ከረጢት አለ፤ አየር ሳያስገባ ከታሰረ ነቀዙ ታፍኖ ያልቃል። መርዝ የለውም፤ መኝታ ቤት ውስጥም ቢቀመጥ ሰው አይጎዳም። ጤፍ የሚያስቀምጥ ደግሞ እንዲያውም አይጨነቅ፤ ፍሬዋ ደቃቅ ናትና ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥልበት ቦታ አያገኝም።

ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ፤ ስለ ምስጥ ያልሆነውም ይስተናገዳል።