የሥራ ሰዓት፣ የሥራ ቦታና የእናት ጡት ወተት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ብሂል በኢትዮጵያ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል። ይሁን እንጂ የሕፃኑ ዕድል በጥሞና ሲመረመር፣ ከዕድሉ ብዙው እናቱ በምትውልበት ቦታና በምትሠራበት ሰዓት የተወሰነ ሆኖ ይገኛል።

የጤና ሊቃውንት አንድ ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ውሃም ሆነ ሌላ ምግብ ሳይጨመርለት የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ይመክራሉ። ኢትዮጵያዊት እናት ማጥባትን የምትጠላ አይደለችም፤ ጡት ያልጠባ ልጅ ማግኘት ያዳግታል። ችግሩ ያለው «ብቻ» በሚለው ቃል ላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ6 ወር በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት 58 ከመቶ ናቸው። ቁጥሩ በዕድሜ ሲከፋፈል፣ 2 ወር ባልሞላቸው 74 ከመቶ፣ ከ2 እስከ 3 ወር በሆናቸው 64 ከመቶ፣ ከ4 እስከ 5 ወር በሆናቸው ግን 36 ከመቶ ነበር።

ለዚህ ማሽቆልቆል ምክንያቱ አንድ አይደለም። በማኅበራዊው በኩል፣ እንገሩን አልቦ የመድፋትና ለተወለደ ሕፃን ቅቤ የማቅመስ ልማድ በየአካባቢው ነበረ፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር «ወተቷ አልበቃውም» ብለው የሚፈርዱት አያትና ጎረቤት ናቸው፤ ወጣቷ እናትም የታላላቆቿን ቃል ለመጣስ አትደፍርም።

በኢኮኖሚው በኩል ያለው ግን በስሌት ሊታይ የሚችል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የ90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። በሳምንት 6 ቀን ለምትሠራ እናት ይህ 15 ሳምንት ያህል ነው፤ 6 ወር ግን 26 ሳምንት ነው። በቀሩት 11 ሳምንታት እናቲቱ 8 ሰዓት በሥራ፣ 1 ሰዓት በምሳ፣ 2 ሰዓት በመንገድ ብታሳልፍ፣ ከልጇ በቀን 11 ሰዓት ትለያለች። ጨቅላ ሕፃን በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚጠባ በመሆኑ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 4 ጊዜ ያህል ይቀርበታል። ወተት ደግሞ ሲጠባ የሚመነጭ፣ ሳይጠባ ሲቀር የሚቀንስ ነው። ስለዚህ «ወተቷ ደረቀ» ሲባል ብዙ ጊዜ የደረቀው በሥራው ሰዓት ምክንያት ነው። በምትኩ የሚገዛው የዱቄት ወተት ውድ ነው፤ ቶሎ እንዳያልቅ ይቀጥናል፣ ውሃው ንጹሕ ካልሆነም ተቅማጥ ያስከትላል።

ከዚህ የከፋው የቀን ሠራተኛዋ ሁኔታ ነው። በሕንፃ ግንባታ ቦታ አሸዋና ጠጠር የምታመላልሰው እናት ካልሠራች የዕለት ገቢዋ ይቀራል፤ የወሊድ ፈቃድም በተግባር አይደርሳትም። ሕፃኗን ወይ አዝላ ትመጣለች፣ ወይ ለታላቅ እህቱ ትታ ትወጣለች።

የመሐንዲሱ ኃላፊነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በፋብሪካና በቢሮ ፕላን ላይ የመኪና ማቆሚያና የጥበቃ ቤት አይረሱም፤ የምታጠባ እናት ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ሕፃናት የሚጠቡበትና የሚጠበቁበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ ይሁንና ቦታው በፕላኑ ላይ ካልተያዘ ሕጉን ሥራ ላይ ማዋል አስቸጋሪ ይሆናል። ከማቆያው ጎን ለአነስተኛ ድርጅት እንኳ 12 ካሬ ሜትር ክፍል፣ የሚቆለፍ በር፣ የቧንቧ ውሃ፣ ወንበርና ማቀዝቀዣ ብዙ ይረዳሉ። የታለበ የእናት ወተት ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያልና። በግንባታ ቦታም ከሲሚንቶ ብናኝ የራቀ ንጹሕ መጠለያና አንዲት ሞግዚት የሥራውን ዋጋ ብዙ አያንሩትም።

ወጪው የለም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሥራ የለመደች ሠራተኛ በልጇ ምክንያት ስትለቅ ሌላዋን ለማሠልጠን የሚወጣው ገንዘብም በሒሳቡ ሊገባ ይገባል።

እንግዲህ ልጅ በዕድሉ የሚያድግ ከሆነ፣ ከዕድሉ ከፊሉ በንድፍ ጠረጴዛ ላይ የሚወሰን መሆኑን የሙያው ባለቤቶች ሊዘነጉት አይገባም።