ነፋስ፣ ባሕርና ቃል፦ የፓርኑ ከተማ ታሪክ፣ ሕዝብና አየር ንብረት
(በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ሙሉ ቃል)



ዛሬ የምነግራችሁ በባልቲክ ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ ስላለች ፓርኑ ስለምትባል የኢስቶኒያ ከተማ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆኑ አስቀድሜ ላሳስብ።

«ከዓለም ከተሞች ሁሉ ለምን ይህችን መረጥህ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሱ አንድ ስም ነው፤ አብራም ጋኒባል። የሩሲያው ባለቅኔ የአሌክሳንደር ፑሽኪን ቅድመ አያት የሆነው ይህ አፍሪካዊ መኮንን በፈረንሳይ የምሕንድስና ትምህርት ከቀሰመና በሳይቤሪያ ግዞት ከከረመ በኋላ፣ ከ1731 እስከ 1733 በፓርኑ የጦር ሰፈር ለወጣት ወታደሮች ሒሳብና የምሽግ አሠራር አስተምሯል። እኔም የእርሱን ዱካ ስከተል ከከተማዋ ጋር ተዋወቅሁ።

ጋኒባልን በተመለከተ ግን አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባኛል። ከሞተ በኋላ በጀርመንኛ የተጻፈው የሕይወት ታሪኩ አቢሲኒያዊ ይለዋል። እርሱ ራሱ በ1742 ባቀረበው ማመልከቻ የተወለደባትን ከተማ «ላጎን» ብሎ ጠርቷታል። ከተመራማሪዎች መካከል ይህችን ቦታ በመረብ ወንዝ አካባቢ የሚፈልጓት አሉ፤ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ፣ በዛሬዋ ካሜሩን ግዛት ናት የሚሉም አሉ። እኔም በወጣትነቴ «የእኛ ሰው ነው» ብዬ ክርክሩን ለመዝጋት ቸኩዬ ነበር። አሁን ግን ማስረጃው ያልዘጋውን በር በስሜት መዝጋት ለታሪክ ትምህርት አይበጅም ብዬ አምናለሁ። ይህን ያስተማረችኝ ራሷ ፓርኑ ናት፤ ብዙ ጌቶች «የእኛ ናት» ያሏት ከተማ ናትና።

ከተማዋ ታሪኳን የምትቆጥረው ከ1251 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት በወንዙ ቀኝ ዳር የጳጳስ መንበር ተቋቋመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የሊቮኒያ የመስቀል ጦረኞች ማኅበር በማዶው ሌላ ከተማ ቆረቆረ። በወደቧም የሃንዛ የነጋዴዎች ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያ ወዲህ ፖላንድ፣ ስዊድንና ሩሲያ ተፈራርቀውባታል። የሰው ኑሮ ግን ከዚህ ሁሉ እጅግ ይቀድማል፤ በዚያው በፓርኑ ወንዝ ዳር፣ ፑሊ በተባለ ሥፍራ፣ ዕድሜው ወደ 11,000 ዓመት የሚጠጋ የሰፈራ ቅሪት ተገኝቷል። በኢስቶኒያ ከታወቁት ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። የበረዶው ዘመን እንዳበቃ ሰው ወንዙን ተከትሎ ገባ ማለት ነው።

በስዊድን ዘመን በ1699 የታርቱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ፓርኑ ተዛወረ። ትንሽቱ የወደብ ከተማም የሊቃውንት መኖሪያ ሆነች። ዕድሜው ግን አጭር ነበር፤ በ1710 ከሩሲያ ጦር ከበባ ጋር ወረርሽኝ ገባ፣ ከተማዋ እጇን ሰጠች፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። በማግሥቱ ዓመት ጌኦርግ ቪልሄልም ሪችማን የተባለ ሕፃን ተወለደ። አባቱ ልጁን ሳያይ በወረርሽኙ ሞቶ ነበር። ይህ ሕፃን አድጎ በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ፣ በፒተርስቡርግ፣ የሳይንስ አካዳሚ የፊዚክስ ሊቅ ሆነ። በ1753 ነጐድጓድ ሲሰማ በቤቱ ወዳቆመው የኤሌክትሪክ መለኪያ ገሥግሦ በመብረቅ ተመታና ሞተ። ስለ ከባቢ አየር ኤሌክትሪክ ዛሬ ያለን ዕውቀት በእንዲህ ያለ ዋጋ ጭምር የተገኘ ነው።

አሁን ወደ አየር ንብረቱ ልለፍ፤ የከተማዋ ጠባይ ያለ እርሱ አይገባምና። በሰኔ ወር ፀሐይ በቀን ከ18 ሰዓት በላይ ትታያለች፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ግን የቀን ብርሃን ከ6 ሰዓት ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ከተማዋ የተቀመጠችው ወደ ደቡብ ምዕራብ በተከፈተ፣ አፉ ሰፍቶ ወደ ውስጥ በሚጠብ፣ ጥልቀት በሌለው ባሕረ ሰላጤ ራስ ላይ ነው። ውኃው ጥልቀት ስለሌለው በበጋ ፈጥኖ ይሞቃል፤ በክረምት ደግሞ ፈጥኖ ይረጋል። አሸዋማው ዳርቻና ለብ ያለው ውኃ በ1838 የመታጠቢያ ቤት እንዲሠራ ምክንያት ሆኑ፤ ፓርኑም ሰው ለጤናና ለዕረፍት የሚሄድባት ከተማ ሆነች። ኢስቶኒያውያን ዛሬም «የበጋ ዋና ከተማ» ይሏታል።

ይሁንና በረከትና መቅሠፍት የመጡት በአንድ በር ነው። በባልቲክ ባሕር በጨረቃ ስበት የሚመጣ የውኃ ከፍና ዝቅ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የውኃውን ከፍታ በድንገት የሚለውጠው በተለይ ነፋስ ነው። ብርቱ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ሲነሣ ውኃውን ወደ ሰላጤው ጥግ ይገፋዋል፤ ዳርቻው እየጠበበ ስለሚሄድ ውኃው ከመነሣት በቀር መሄጃ የለውም። በ1967 ባሕሩ ከመደበኛ ልኩ 253 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። በጃንዋሪ 9 ቀን 2005 ደግሞ 275 ሳንቲ ሜትር ደረሰና የባሕር ውኃ ወደ ጎዳናዎችና ወደ ቤቶች ገባ።

በሁለቱ ሙላቶች መካከል ያለው ጊዜ 38 ዓመት ገደማ ነው። አንድ ሰው ተወልዶ፣ አድጎ፣ ልጆቹን የሚያሳድግበት ዘመን ነው። ያላየ ሰው ይኖራል፤ ያየውም ይረሳል። መዝገቡ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን አይረሳም። ለዚህ ነው የአየር ንብረት ታሪክ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው፤ ቤት የት ልሥራ ለሚል ሰው የቀጥታ ጉዳዩ ነው። ክረምቱ እየሞቀ የበረዶው ዕድሜ ባጠረ ቁጥር ማዕበሉን የሚያግደው በረዶ ይቀንሳልና አደጋው ይብሳል እንጂ አይቀልም።

ከተማዋ የቃልን ዋጋም ታውቃለች። በ1857 ዮሐን ቮልዴማር ያንሰን የተባለ መምህር በዚያ «ፔርኖ ፖስቲሜስ» የተባለውን ጋዜጣ አቋቋመ። እስከዚያ ድረስ «የአገሬው ሰዎች» ይባሉ የነበሩትን ገበሬዎች «የኢስቶኒያ ሕዝብ» ብሎ ጠራቸው። ሕዝብ ስሙን ከጋዜጣ ገጽ አነበበ ማለት ይቻላል። ሴት ልጁም ሊዲያ ኮይዱላ በሚል የብዕር ስም የአገሪቱ ታላቅ ባለቅኔ ሆነች። ከ61 ዓመት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1918፣ የኢስቶኒያ የነፃነት አዋጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ የተነበበው በዚችው ከተማ፣ በእንድላ ቴአትር ቤት ሰገነት ላይ ነበር። ሕንፃው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጎዳ፤ በ1961 በሶቪየት አስተዳደር ፈርሶ ጠፋ። ዛሬ በቦታው በሰገነት ቅርጽ የተሠራ መታሰቢያ ቆሟል። ሰገነቱን አፈረሱት፤ የተነበበውን ቃል ግን ማፍረስ አልተቻለም።

በክረምት ወደዚያ ሄጄ በረዶ በለበሰው የባሕር ዳርቻ ቆሜ ነበር። ባሕሩና ሰማዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው የት ላይ እንደሚለያዩ አይታወቅም። በአሮጌው የታሊን በር አጠገብም አለፍሁ፤ ጋኒባል በዘመኑ ሳይመላለስበት የቀረ አይመስለኝም። ያን ጊዜ ያሰብሁት ስለ እርሱ ብቻ አልነበረም። ስለ አገራችን ትንንሽ ከተሞች አሰብሁ። በየትኛው ዓመት ወንዙ ሞላ? እስከ የትኛው ግድግዳ ደረሰ? ማን አየ? ማንስ ጻፈ? በልጅነት ከተማዬ አንድ ታላቅ ጎርፍ እንደነበረ አያቴ ደጋግማ ትነግረን ነበር፤ ዓመቱን ግን «እገሌ በሞተ በሁለተኛው ዓመት» እያለች ነበር የምትቆጥረው። አያቴም አለፈች፤ ያ ሰው ማን እንደነበር የሚያውቅ ዛሬ የለም። ጎርፉም ዓመት የሌለው ጎርፍ ሆኖ ቀረ።

ውድ ተማሪዎች፤ ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። ለዕረፍት ወደ ትውልድ ቀያችሁ ስትመለሱ አንድ አረጋዊ ፈልጉ፤ ውኃው የደረሰበትን ድንጋይ እንዲያሳዩአችሁ ለምኗቸው፤ በሜትር ለኩ፤ ዓመቱን አጣርታችሁ ጻፉ። እርግጠኛ ካልሆናችሁም እርግጠኛ አለመሆናችሁን ጻፉ። ፓርኑን ከነፋስ የሚያድናት የለም፤ ነፋሱ ሲመጣ ግን 275 የሚለው ቁጥር የት መቆም እንደሚገባ ይነግራታል። ለእኛም ከተሞች ይህን ያህል እናድርግ።